ወንድሜ ውስጥ የገባው ኩላሊቴ ለምን 9 ቀን ተኛ?

ታናሽ እህት (ቱሉ ዲምቱ) | ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ከልቤ አልወጣ ያለ ነገር ስላለ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከ5 ወር በፊት አንዱን ኩላሊቴን ለታላቅ ወንድሜ ሰጠሁ። እሱ ሁለት ዓመት ሙሉ እጥበት ላይ ነበር። በሳምንት 3 ቀን ሌሊት 10 ሰዓት ከቤት ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ደረጃውን መውጣት አቅቶት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ይላል። የኛ ቤት አራተኛ ላይ ነው። የደም ዓይነታችን አንድ ነው። የሕብረ ሕዋስ ምርመራው በግማሽ ይገጥማል አሉን። ክሮስማቹም፣ የሱ ደም የኔን ሕዋስ ያጠቃ እንደሆነ የሚያዩበት ምርመራ ነው፣ ችግር የለውም ተባለ።

የኔ ኩላሊት ሁለት ደም ቅዳ ነበረው። ይህን በምርመራ ቀድመው አይተውታል፣ ግን መስፋቱ ካሰቡት በላይ ጊዜ ፈጀ። ደም ሲለቀቅበት ቀላ አሉ። ጥቂት ሽንት ወጣ። ከዚያ ቀጥ አለ። ለ9 ቀን ወንድሜ የኔን ኩላሊት ሆዱ ውስጥ ይዞ ተመልሶ እጥበት ማሽን ላይ ተኛ። በ5ኛው ቀን ናሙና ወሰዱ። ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ «ሰውነቱ ኩላሊቱን አልቀበልም ማለቱ አይደለም፣ ጉዳት ነው፣ የመጀመሪያው መከላከያ ተቆጥቶ ነው፣ ይነሳል» ብሎን ሄደ። ሌላ ማብራሪያ የሰጠን ሰው የለም። በ10ኛው ቀን ሽንቱ መጣ። ዛሬ ክሬቲኒኑ፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው ቆሻሻ፣ 1.4 ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የኔ ነገር ሌላ ነው። እኔና ወንድሜ በአባታችን ቤት ጉዳይ ተጣልተን 3 ዓመት ከበዓል ሰላምታ በቀር አንነጋገርም ነበር። ሲታመም ነው የታረቅነው። ኩላሊቱ በተኛ በ6ኛው ቀን አክስቴ ኮሪደሩ ላይ «ቂም ያለበት ሥጋ እንዴት ይዋሃዳል» አለች። ለኔ አልነበረም የተናገረችው፣ ግን ሰማሁ። ኩላሊቱ ተነሳ፣ ቃሉ ግን እስካሁን እኔ ላይ ተኝቷል።

ጥያቄዬ ይኸው። ሰውነት ባዕድ አካል ለይቶ እስኪያጠቃ ቀናት፣ ሳምንታትም ይፈጃል ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ በሰዓታት ውስጥ የተቆጣው ማን ነው? ምን አይቶ ነው የተቆጣው?


ነርሷ (ኮዬ ፈጬ) | ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡50

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ሁለተኛ፣ አንቺ ራስሽ ከ5 ወር በፊት ቀዶ የተደረግሽ ሰው ነሽ፣ ክትትልሽን እንዳታቋርጪ። ለጋሹን ሁሉም ይረሳዋል።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ መከላከያችን ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው አብሮን የተወለደው ነው። ትምህርት አያስፈልገውም፣ በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ሌላኛው የሚማረው ነው። ቲ ሕዋስና ፀረ እንግዳ አካል የምንላቸው እዚህ ውስጥ ናቸው። እነሱ ባዕዱን አጥንተው፣ ተባዝተው እስኪመጡ ቀናት ይፈጃል። ሐኪሙ «የመጀመሪያው መከላከያ» ያለው የተወለድንበትን ነው።

ኩላሊት አርፍዶ መነሳት ደግሞ ስም ያለው፣ ሐኪም ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። በሕይወት ካለ ሰው በተሰጠ ኩላሊት ላይ ብዙ አይገጥምም፣ ግን ይገጥማል። የዘርፉ ሰዎች በደንብ ያብራሩልሻል፣ እኔ ተረኛ ነኝና ልሂድ።


የሚኒባስ ሹፌር (ለቡ) | ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡05

አንድ ነገር አልገባኝም። የተተከለለት ሰው መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይውጣል አይደል እንዴ? አባቴም ለዚሁ እየተመረመረ ስለሆነ ነው የምጠይቀው። መድኃኒቱ ካለ ማን ቀረ የሚቆጣ?


የባዮሎጂ መምህር (ሰበታ) | ማክሰኞ፣ ምሽት 4፡20

ታናሽ እህት፣ ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። ልብ ብለሽ አንብቢኝ፣ ጉዳዩ ከቂም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ቱሉ ዲምቱ ስለምትኖሪ ከውሃው ልጀምር። ውሃ በፈረቃ ነው አይደል? ለ4 ቀን ይጠፋል። ቧንቧው ባዶ ሆኖ ውስጡ ይዝጋል፣ አፈር ይይዛል። ከዚያ ሌሊት ውሃው ሲመለስ አየር እያስነጠሰው፣ ቀይ ዝገት እየተፋ ነው የሚመጣው። የላላ መጋጠሚያ ካለ ያን ጊዜ ይፈነዳል። ቤት የሚያጥለቀልቀው የመመለሱ ሰዓት ነው። ኩላሊትም እንዲሁ ነው።

ኩላሊትሽ ካንቺ ወጥቶ ወንድምሽ ውስጥ እስኪሰፋ ድረስ ደም አላገኘም። ደም ከሌለ ኦክስጅን የለም። ሕዋሶቹ ጉልበት የሚሠሩበት ማይቶኮንድሪያ ይቆማል፣ በውስጡም ሱክሲኔት የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። ለዚህ ነው በ4 ዲግሪ አካባቢ የሚያቀዘቅዙት፣ ብርዱ የሕዋሱን ፍላጎት ስለሚቀንስ። በሚሰፋበት ሰዓት ግን ከበረዶው ወጥቶ ሞቅ ወዳለ ሰውነት ይገባል፣ ደም ደግሞ ገና አላገኘም። ሁለት ደም ቅዳ ሲኖር ይህ ሰዓት ይረዝማል። ሁለትና ከዚያ በላይ የኩላሊት ደም ቅዳ ያለው ሰው በጣም ብዙ ነው፣ ከ4 ሰው አንዱ ገደማ። በሽታ አይደለም፣ አፈጣጠር ነው።

ከዚያ ደም ሲለቀቅ ኦክስጅን በአንዴ ይገባል። የተጠራቀመው ሱክሲኔት ይቃጠላል፣ ማይቶኮንድሪያው ጎጂ የኦክስጅን ውላጆችን ይተፋል። ሕዋሶች ይሰነጠቃሉ፣ አንዳንዶቹ ይሞታሉ። ሲሞቱ ውስጣቸው መቀመጥ የነበረበት ነገር ሁሉ ውጭ ይፈስሳል፣ ኤቲፒ፣ ዩሪክ አሲድ፣ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ፣ ኤችኤምጂቢ1 የሚባል ፕሮቲን። እነዚህ ውጭ ላይ ሲታዩ ትርጉማቸው አንድ ነው፦ እዚህ ቤት ጉዳት ደርሷል።

የተወለድንበት መከላከያ እንደ ብሎካችን ዘበኛ ነው። መታወቂያ አያነብም። ብርጭቆ ሲሰበር ሰምቶ ዱላውን ይዞ ይሮጣል። የሚሰማበት ጆሮ ቶል መሰል ተቀባይ ይባላል፣ ከነሱ 4ኛው በንቅለ ተከላ ብዙ የተጠና ነው። ጥሪው ሲሰማ መጀመሪያ የሚደርሱት ኒውትሮፊሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሶች ናቸው። የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፣ ሾልከው ይገባሉ፣ የያዙትን ኬሚካል ይረጫሉ። ጀርም ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። እዚህ ግን የሚረጩት የቆሰለ ኩላሊት ላይ ነው። ቀጥለው ማክሮፌጆች የሚባሉት፣ የሞተ ሕዋስና ጀርም የሚውጡት ይመጣሉ። በደም ውስጥ የሚዞሩ ከ30 በላይ ፕሮቲኖች ያሉት ኮምፕሊመንት የሚባል ሰንሰለትም ይነሳል፣ ኩላሊቱ ራሱም ሲቆስል የዚህን ሰንሰለት ዋና ፕሮቲን ያመርታል። ስለዚህ ኩላሊቱ ያብጣል፣ ሽንት የሚያጣራው ቀጭን ቱቦ ሕዋሱ ረግፎ ይደፈናል። ተኛ የሚባለው ይህ ነው። ደስ የሚለው የቱቦው ሕዋስ እንደገና ይበቅላል። በቀናት፣ አንዳንዴም በሳምንታት። የወንድምሽ 9 ቀን ፈጀበት።

ለሹፌሩ ወንድሜ፦ ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት በዋናነት የሚይዙት ሁለተኛውን፣ የሚማረውን ክፍል ነው። ፕሬድኒሶሎን ዘበኛውንም ትንሽ ያረጋጋዋል። ግን ዘበኛውን በደንብ የሚያስተኛ መድኃኒት በየቀኑ ከሚዋጡት ውስጥ የለም።


ታናሽ እህት (ቱሉ ዲምቱ) | ማክሰኞ፣ ምሽት 5፡10

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የውሃውን ሳነብ እንባዬ መጣ፣ ምክንያቱም ባለፈው ወር የኛ መጋጠሚያ ፈንድቶ ምንጣፍ ሁሉ ተበላሽቷል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ እንደሚሉት ከሆነ ዘበኛው የማንም ይሁን የማን ይመጣል። እንግዲህ ኩላሊቱ የራሱ የወንድሜ ቢሆን እንኳ ይቆጣ ነበር ማለት ነው? ይህን ለአክስቴ ማስረዳት እፈልጋለሁና ማስረጃ ካለ ንገሩኝ። አክስቴ በቃል የምትታለል ሴት አይደለችም።


የላብራቶሪ ባለሙያ (ገላን) | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30

ጤና ይስጥልኝ። የመምህሩን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፣ በኋላ አንድ እርማት አለኝ። መጀመሪያ ግን ለአክስትሽ የሚሆን ማስረጃ።

በፈረንጆቹ 1954 ዲሴምበር 23 ቀን ቦስተን ውስጥ ጆሴፍ መሪ የሚባል ቀዶ ሐኪም የአንድ ሰው ኩላሊት ወደ መንታ ወንድሙ አዛወረ። ፍጹም ተመሳሳይ መንታዎች ነበሩ። መድኃኒት ሳይኖር ኩላሊቱ ሠራ፣ ታማሚው 8 ዓመት ኖረበት። የሚማረው መከላከያ ባዕድ የሚለው ነገር ስላላገኘ ነው። ነገር ግን በእንስሳት ላይ የአንድ ዓይነት ዘር ኩላሊት ወይም ልብ ሲተከል የመጀመሪያው ቀን ቁጣ አለ። ኒውትሮፊሉ ይገባል፣ የጉዳት ምልክቱ ይወጣል። ባዕድ ቢሆንም ባይሆንም በመጀመሪያው ቀን በጣም ይመሳሰላል። ልዩነቱ የሚገለጠው በኋላ ነው፣ የራስ ከሆነ ቁጣው እየበረደ ይሄዳል፣ የሌላ ከሆነ ይቀጥላል።

እኔን ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሌላ ነው። በ1995 ፖል ቴራሳኪና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ከባል ወይም ከሚስት የተሰጡ ኩላሊቶችን ተመለከቱ። ባልና ሚስት የደም ዝምድና የላቸውም። ሕብረ ሕዋሳቸው እንደማንኛውም መንገደኛ ነው፣ ከሞተ ሰው ተመርጦ ከሚወሰደው ኩላሊት የባሰ ነው የማይገጥመው። ግን ከ3 ዓመት በኋላ ከትዳር አጋር የተሰጡት 85 በመቶ ሲሠሩ ከሞተ ሰው የተወሰዱት 70 በመቶ ነበሩ። ከወላጅ የተሰጠው፣ በግማሽ የሚገጥመው፣ 82 በመቶ ነበር። አያችሁ? ዝምድናው ሳይሆን ኩላሊቱ ጤነኛ ሆኖ፣ ብዙ ሳይጎዳ መድረሱ ነው ሚዛኑን የደፋው። ሞቶ የሚለግስ ሰው አንጎሉ ሲሞት ሰውነቱ በሙሉ ይቆጣል፣ ኩላሊቱ ገና ሳይወጣ ተቆጥቶ ነው የሚጠብቀው። ከዚያ በረዶ ላይ ለሰዓታት ይጓዛል።

ለአክስትሽ በዚህ ንገሪያት። ባልና ሚስት ሳይጣሉ የኖሩ አይመስለኝም፣ ኩላሊታቸው ግን ሠርቷል።


እማማ ዘውዴ (ሱሉልታ) | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

ልጄ፣ ያንቺን ሳነብ አንጀቴ ተላወሰ። እኔ የተማርኩ አይደለሁም፣ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ለወንድምሽ ጥቁር አዝሙድ በማር አድርጊለት። ዳማከሴም ጨምቀሽ ስጪው። መከላከያን ያጠነክራል፣ ከኛ ሰፈር ብዙ ሰው ድኖበታል። ዘበኛው ከጠነከረ በሽታ አይደፍረውም።


ከ6 ዓመት በፊት የተተከለልኝ (ቡራዩ) | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡40

እትዬ ዘውዴ፣ ደግነትዎ ገብቶኛል፣ እናቴም እንደርስዎ ናት። ግን ይህን እንዳያደርጉት። እኛ የተተከለልን ሰዎች መከላከያችን እንዲጠነክር አይደለም የምንፈልገው። የተነሳ መከላከያ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ኩላሊት ነው። ጉንፋን እንኳ ሲይዘኝ የምፈራው ሳሉን ብቻ አይደለም፣ ዘበኛው ለጉንፋኑ ሲነሳ ለሚማረው ክፍል «ኑ» ብሎ ጥሩምባ ይነፋል፣ አልቀበልም የሚለው ነገር አንዳንዴ ከኢንፌክሽን በኋላ የሚመጣው በዚህ ነው።

ሌላው፣ የምንውጠው ታክሮሊመስ በጣም ስስ መድኃኒት ነው። ትንሽ ከበዛ ኩላሊቱን ራሱን ይጎዳል፣ ትንሽ ካነሰ መከላከያው ይነሳል። ጉበት ውስጥ የሚፈጭበትን መንገድ የሚነካ ነገር ሁሉ መጠኑን ያዛባዋል። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን በጣም ያወርደዋል። አንዳንድ የፈንገስ መድኃኒትና ክላሪትሮማይሲን ያወጡታል። ግሬፕፍሩት የሚባለው ፍሬም ያወጣዋል። የአገር ቤት ቅጠልማ መጠኑንም፣ ውስጡ ያለውንም ማን ለካው? ስለዚህ ሐኪሜ ያላወቀው ቅጠል አፌ አይገባም።

አንድ ጊዜ ልጅ ክርስትና ላይ ጥሬ ሥጋ ቀመስኩ። አንድ ጉርሻ ናት፣ አጎቴ ነው ያጎረሰኝ፣ እምቢ ማለት አፈርኩ። ምክንያቱ እሷ ትሁን ሌላ ነገር አላውቅም፣ በሳምንቱ ግን ተቅማጥና ትኩሳት ይዞኝ 11 ቀን ተኛሁ፣ ክሬቲኒኔ ከ1.2 ወደ 2.1 ወጣ። ተመለሰ፣ ግን ወደ 1.5 ነው የተመለሰው። የቀረችው 0.3 እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ ጥሬ ሥጋም፣ ያልፈላ ወተትም፣ ለብለብ ክትፎም ቤቴ አይገባም፣ ሰው ቢቀየምም ይቀየም።

ታናሽ እህት፣ ወንድምሽ ትኩሳት ካለው «ነገ ይሻለዋል» እንዳትሉ። ያኑ ዕለት ሂዱ።


እማማ ዘውዴ (ሱሉልታ) | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡05

እሺ ልጄ፣ አልሰማሁም ነበር። እግዜር ዕድሜ ይስጥህ። ልጄ ያነበበልኝን ሁሉ ሰምቻለሁ። ያልኩትን ትቼዋለሁ።


የላብራቶሪ ባለሙያ (ገላን) | ረቡዕ፣ ቀን 7፡15

ያልኩት እርማት ይኸው። መምህር፣ «ዘበኛው መታወቂያ አያነብም» ያሉት ለመጀመሪያው ቀን ልክ ነው። ለረጅም ጊዜ መማሪያ መጻሕፍቱም እንዲሁ ይሉ ነበር። ታሪኩ ግን ተቀይሯል።

ናቹራል ኪለር የሚባሉትን ሕዋሳት ውሰዱ። እነሱ የተወለድንበት መከላከያ ወገን ናቸው። በ1986 ስዊድን ውስጥ ክላስ ካሬና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት እነዚህ ሕዋሳት የሚፈልጉት የራስ ምልክት መኖሩን ነው። ምልክቱ ከጎደለ ይመታሉ። ኮንዶሚኒየም በር ላይ ዘበኛው የማያውቀው መኪና ሲመጣ «የብሎክ መለጠፊያህ የታለ» ሲል እንደማለት ነው። የተተከለ አካል ላይ የተቀባዩ ምልክት ሙሉ ስለማይኖር ያዩታል።

ማክሮፌጅም፣ ደም ውስጥ እያለ ሞኖሳይት የሚባለውም ቢሆኑ ጉዳት ብቻ አይደለም የሚያዩት። የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 በአይጥ ላይ ሲርፕ አልፋ የሚባል ፕሮቲን በለጋሹና በተቀባዩ መካከል ሲለያይ ሞኖሳይቶች ያንን ልዩነት እንደሚለዩ አሳዩ። በ2020 ደግሞ ከዚህ ያለፈ መጣ፣ እነዚሁ ሕዋሳት አንዴ ያዩትን ባዕድ ያስታውሳሉ፣ ማስታወሻውን ሲያጠፉባቸው አይጦቹ የተተከለላቸውን በተሻለ ያዙ። ማስታወስ የቲ ሕዋስና የፀረ እንግዳ አካል ሥራ ብቻ ነው ተብሎ ነበር። አልሆነም። በአይጥ ነው እላለሁ፣ ሰው ላይ ገና ብዙ ይቀራል።

ስለዚህ ታናሽ እህት፣ የመጀመሪያዎቹን 9 ቀናት መምህሩ ባሉት መንገድ ተረጂያቸው። ከዚያ በኋላም ግን ዘበኛው አይተኛም ብለሽ ክትትሉን ጠብቂ። ቆይቶ ማክሮፌጅ ከበዛ ኩላሊቱን በጠባሳ ይሞላዋል። ናሙና ሲወሰድ ደግሞ እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ሲ4ዲ የሚባል ምልክት እንፈልጋለን፣ ፀረ እንግዳ አካል ኮምፕሊመንቱን ጎትቶት እንደመጣ የሚናገር አሻራ ነው።


የባዮሎጂ መምህር (ሰበታ) | ረቡዕ፣ ቀን 9፡30

እርማቱን ተቀብያለሁ። ናቹራል ኪለሮቹን ማንሳት ነበረብኝ። የ2020ውን አላነበብኩትም ነበር፣ ዛሬ ለ12ኛ ክፍል ሳስተምር «ማስታወስ የሚችለው የሚማረው ብቻ ነው» ብዬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ነገ አስተካክላለሁ።

ስለ ታሪኩ አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም ታናሽ እህት የጠየቀችው ጥያቄ ትልልቅ ሰዎችም የጠየቁት ነው። መከላከያችን ለምን ይነሳል ሲባል ለዘመናት መልሱ «የራስና ባዕድ» ነበር። በ1989 ቻርልስ ጄንዌይ የሚባል አሜሪካዊ የተወለድንበት ክፍል ቀድሞ ካልተነሳ የሚማረው ክፍል አይነሳም አለ። እሱ ያሰበው ጀርምን ነበር። ግን ንቅለ ተከላ ላይ ጀርም የለም። ታዲያ ማን ይቀሰቅሰዋል? በ1994 ፖሊ ማትዚንገር የምትባል ሴት መከላከያ የሚነሳው በአደጋ ምልክት ነው፣ የተጎዳ ሕዋስ ይጮሃል አለች። በዚያው ዓመት ሙኒክ ውስጥ ዋልተር ላንድ የሚባል ቀዶ ሐኪም ኩላሊት ለሚተከልላቸው ሰዎች በቀዶ ጥገናው ወቅት ጎጂውን ኦክስጅን የሚያጠፋ ኢንዛይም ሰጠ። የሰጠው ለመጀመሪያዋ ሰዓት ነው። ግን ኢንዛይሙን ያገኙት ሰዎች ላይ በኋላ የሚመጣው አልቀበልም ማለት ቀነሰ፣ ኩላሊታቸውም ረዘም ላለ ጊዜ ሠራ። የመጀመሪያዋ ሰዓት ከዓመታት በኋላ የሚሆነውን ትነካለች ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ ነው ይህን ጉዳይ የወደድኩት። የቶል ተቀባዮቹን ሥራ ያሳዩት ብሩስ ቦይትለርና ዡል ሆፍማን በ2011 ኖቤል ተሸለሙ። በዚያው ሽልማት ሦስተኛው ራልፍ ስታይንማን ነበር፣ ከዘበኛው ወሬ ተቀብሎ ለሚማረው ክፍል የሚያደርሰውን ዴንድራይቲክ ሕዋስ ያገኘው። ስሙ ሊነገር 3 ቀን ሲቀረው ሞተ።


የሚኒባስ ሹፌር (ለቡ) | ረቡዕ፣ ምሽት 1፡20

እኔ የያዝኩት ይህን ነው። ከአንዱ ሰው ወጥቶ ሌላው ውስጥ እስኪገባ ያለው ሰዓት በጣም ወሳኝ ነው። ታዲያ ለአባቴ እኔ ብሰጥ እኔና እሱ ጎን ለጎን ክፍል ነን፣ ሰዓቱ አጭር ነው ማለት ነው? እዚህ አገር የሚሠራው ከሕያው ዘመድ ነው ስላሉኝ ብዙ ሰው ይህን እንደ እጥረት ሲያወራ ነው የምሰማው።


ነርሷ (ኮዬ ፈጬ) | ረቡዕ፣ ምሽት 1፡45

ልክ ነህ ወንድሜ። ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር ከሕያው ዘመድ ነው የተጀመረው። ከሞተ ሰው መውሰድ ባለመኖሩ ብዙ ሕመምተኛ ለጋሽ አጥቶ ይቀራል፣ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፣ አላቃልለውም። ግን ዘመድ ለጋሽ ያገኘ ሰው ኩላሊቱ ብዙ ሳይራብ ይደርሰዋል። ምርመራህን ጀምር። የደም ግፊትህንም አስለካ፣ ሹፌሮች ግፊታቸውን አያውቁትም።

ታናሽ እህት፣ የወንድምሽ ቀጠሮ መቼ ነው? የታክሮሊመስ መጠን የሚለካበት ዕለት የጠዋቱን ኪኒን ሳይውጥ ነው ደም የሚሰጠው። ውጦ ከሄደ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይወጣና ሐኪሙን ያሳስታል። ብዙ ሰው ከዚህ አካባቢ ሌሊት ሲነሳ በእንቅልፍ ልቡ ይውጠዋል።


ታናሽ እህት (ቱሉ ዲምቱ) | እሑድ፣ ምሽት 3፡30

ለ4 ቀን የጠፋሁት ኔትወርኩ ስላስቸገረኝ ነው። ሁላችሁንም አንድ በአንድ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አክስቴ ቤት ሄድን፣ ወንድሜም ነበር። ቡና እየተፈላ ሳለ ስልኬን አውጥቼ የመምህሩን ጽሑፍ አነበብኩላት፣ ስለ ቧንቧው ያለውን። ከዚያ ባልና ሚስቶቹን። «85 በመቶ ነው ያልሽው?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ቁጥር ትወዳለች፣ ድሮ እህል ትነግድ ነበር። «ከሞተ ሰው ከሚወሰደው የባሰ የማይገጥመው?» አለች። አዎ አልኳት። ዝም አለች። ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ የተባለውን አያውቅም ነበር፣ ለምን እንደማነብላት ግራ ገብቶት ያየኛል።

ሦስተኛውን ቡና ስትቀዳልኝ እጄን ያዝ አደረገችና «እኔ በዚያ ሰሞን ፈርቼ ነበር፣ ፈርቼ ነው የተናገርኩት» አለች። ሌላ አላለችም። ያኔ ወንድሜ «ምን ተናግረሽ ነው?» አለ። እኔ «ስለ ቧንቧ ነው» አልኩት። ሳቀች።

ስንወጣ አንድ ላስቲክ ቆሎ ሰጠችው። ጨው አልነካውም አለች፣ ሰኞ ዕለት ለብቻው ነው የቆላሁለት።

ነርሷ፣ ቀጠሮው ነገ ነው። ኪኒኑን ከመኝታው ራቅ አድርጌ ደም ከሰጠ በኋላ እንዲውጠው ቦርሳው ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሌሊት 10 ተኩል ላይ እንወጣለን፣ ቁጥሩን ስንሰማ እጽፍላችኋለሁ።